የእህቴ ክኒን
ታላቅ እህቴ ጫልቱ ሱሉልታ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ፊቷ ክብ ብሎ ሆዷ ሲገፋ ጎረቤቱ «ተመችቷታል» ይል ነበር፤ እሷ ግን ከወንበር መነሳት እንኳ አቅቷት ነበር። ሐኪሞች ከኩላሊቷ በላይ እጢ አግኝተው፣ «ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን የሚያበዛባት ይሄ ነው» ብለው በቀዶ ጥገና አወጡላት። እጢው ሲያመርትላት ሰውነቷ ሆርሞኑን በራሱ መሥራት አቁሞ ስለነበር፣ እንደገና እስኪጀምር የምትወስደው ክኒን ሰጥተው፣ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ አስጠነቀቋት።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ልጠይቃት ስሄድ ከትናንት ጀምሮ እያስመለሳት አገኘኋት። ክኒኑም አልረጋላት ብሏል። «ጨጓራሽ ይረፍ፣ የዛሬውን ተይው» አልኳት። ተወችው። ከሰዓት በኋላ ልትነሳ ስትል ተዝለፍልፋ ወደቀች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት እጇ ቀዝቅዟል። ነርሷ የሕክምና ወረቀቷን አየችና ደነገጠች።

«ክኒኗን ወስዳለች?»

«ሲያስመልሳት ጊዜ አስተውኳት።»

«እንዲህ ሲያስመልሳት እኮ መድኃኒቱ ወዲያው በመርፌ ነበር መሰጠት ያለበት!» አለችኝ፣ መርፌውን ለማዘጋጀት እየሮጠች። ወጋቻት፤ ግን ዘግይተን ነበር።

እናታችን አሁንም «ልጄ መጨረሻ ላይ ምን አለችህ?» ትለኛለች። «አንተ ካልክ እሺ» እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።