ዱቄት ውስጥ የነበረው ትኬት

መካኒሳ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ማንበብ ስለማይችሉ ልብ ወለድ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ እሳቸውን ግን አላፍርም። መጽሐፉ የሚያስፈራ ነበር፤ ባሏ እንዳይገድላት የምትሸሽ ሴት የአውቶቡስ ትኬቷን ዱቄት ውስጥ ትደብቃለች። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ "ብልህ ናት!" አሉ። በማግስቱ ዓይናቸው አብጦ አገኘኋቸው። "ነገ ጎህ ሲቀድ ደሴ፣ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ትኬቴን እንደሷ ዱቄት ውስጥ ከትቼዋለሁ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ቀጣዩን ምዕራፍ እንደጀመርኩ ባላቸው ጋሽ ታደሰ ሳይታሰቡ ገቡ። "ቀጥዪ እንጂ፣ እኔም ልስማ" ብለው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ዓይኔ ከማነበው ቀድሞ ወደ ገጹ ታች ወረደ፤ በታሪኩ ባልየው ዱቄቱን ገልብጦ ትኬቱን ያገኘዋል። "ሚስትየዋ... እራት ሠርታ ባሏን ይቅርታ ጠየቀች" ብዬ ከራሴ ፈጠርኩ።

"ይኼ ነው መጽሐፍ! አምጪው፣ ማታ እኔ አነብላታለሁ" ብለው ከእጄ ወሰዱት። እትዬ አስካለ ፊቴን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። "እናትሽ ያበደረችኝን ዱቄት መልሺላት" ብለው ጣሳውን አስታቀፉኝ። እናቴ ዱቄት አበድራቸው አታውቅም።

ጎህ ሲቀድ ትኬቱን ይዤ በራችን ላይ ጠበቅኋቸው። የመጡት ግን ጋሽ ታደሰ ናቸው። መጽሐፉን አቀበሉኝና "አንድ ምዕራፍ ዘለሽባት ነበር፤ አንብቤላታለሁ" አሉ። ከኋላቸው ቤታቸው ከውጭ ተቆልፏል፤ ከውስጥ ሲቃ ይሰማል።

"ምነው ደነገጥሽ?" አሉኝ ፈገግ ብለው። ያ የማይወጣው ድምፄ ያን ጊዜ ወጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ በሩን ከፍቶ እስኪወጣ ድረስ ኡኡ አልኩ።