ከንቲባ የተባለው ጥቁር ጥንቸል

ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?

...እትዬ ግራስዬላ! ውይ! ከእንስሳት መጠለያው ነው የሚደውሉት?... አይ፣ አልደነገጥኩም። ለምን እደነግጣለሁ? ስልኩ የአክስቴ ስለሆነ እሷን የፈለገ ሰው መስሎኝ ነው እንጂ... አዎ፣ ሉስሜሪ ነኝ። ጥንቸሉን የወሰድኩት። ሌላ ሉስሜሪ አለች እንዴ እናንተ ጋ?

ደህና ነው። በጣም ደህና ነው... ማን፣ ቦምቦን? እሱ ስም እኮ ቀረ፤ ነግሬዎታለሁ። አሁን ከንቲባ ነው የምንለው። ጠዋት ጠዋት ድንች ጆንያው ላይ ይወጣና ሆዱን ዘርግቶ ግቢውን ይቃኛል። ምንም አይሠራም፣ ሁሉንም ይታዘባል። ከንቲባ ካልሆነ ምንድነው ታዲያ?

...ድርቆሽ? ይበላል እንጂ! ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ነው፤ ካሮት አልፎ አልፎ፣ ለአመል ያህል። በጆሮው አላነሳሁትም። አላጠብኩትም። ውሃውን በየቀኑ እቀይራለሁ... እትዬ ግራስዬላ፣ የነገሩኝን ሁሉ እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ነው የያዝኩት። በእንቅልፌ ቢጠይቁኝ እንኳ እመልሳለሁ።

አሁን?... አሁን ተኝቷል። ጭኔ ላይ ነው። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ! ከንቲባ አይደል፣ ስብሰባ አድክሞት ነዋ።

...ምኑ? ውይ፣ ሳል ነው እሱ። እዚያ ድረስ ይሰማል እንዴ? አባባ ፎርቱናቶ ናቸው፣ አያቴ። እኔ ግቢ ነኝ፣ እሳቸው ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶባቸው። በር ተዘግቶም እንዲህ ነው! ብርዱ ከገባ ጀምሮ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ሲንገራገጩ ነው የሚያድሩት። እኔማ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ነው የምተኛው። ጎረቤታችን «የሽማግሌው ሳል ዶሮዎቼን እንቁላል አስቆመብኝ» ብላ ከሳናለች... ጤና ጣቢያ? ሄደዋል። ሽሮፕ ሰጧቸው፤ ወስደው በጓን አጠጧት። በጓ አሁን በጣም ጤነኛ ናት።

...ፎቶ? አይ፣ የዚህ ስልክ ካሜራው ተሰብሯል... ትናንት ላኩልዎት? በዚሁ ስልክ?... እ... ዛሬ ነው የተሰበረው።

...ሊመጡ? ዛሬ?! ዛሬማ አይመችም! ደረጃውን ያውቁት የለ፤ ጉልበትዎን... ይሁን፣ ነገ ይምጡ። ነገም አይሆንም እንጂ... ቆይ አንዴ፣ አክስቴ እየጠራችኝ ነው።

— አቤት አክስቴ!... ማንም አይደለም!... ጋሽ ኢላሪዮ ገና አልመጣም!... አዎ፣ ሳፋውን አውጥቻለሁ!... ቢላውም አለ!... እሺ፣ ዝጊው አንቺ፣ ነፋስ ይገባባቸዋል! ቀርቅሪው!

ሄሎ፣ አለሁ... የምን ቢላ?... እ... ሽንኩርት ነዋ። ሽንኩርት ልንከትፍ ነው።

...

በሙሉ ስሜ አይጥሩኝ። «ሉስሜሪ ቾኬ» ሲሉኝ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯን ነው የሚመስሉት...

እሺ።

ሞቷል።

ከንቲባ ሞቷል፣ እትዬ ግራስዬላ። ጭኔ ላይ ነው ያልኩዎት እውነቴን ነው። በሻርፕ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ።

...አልበላነውም! ኧረ በእናቴ አፈር! «ከእናንተ ሰፈር ሰው ጥንቸል ሲጠይቀኝ የድንች ድስት ይታየኛል» ብለው ስንት ጊዜ እንደመለሱኝ አልረሳሁትም። የዚያን ቀንም የማልኩት በእናቴ አፈር ነው፣ ዛሬም በሷው ነው። አልበላነውም። ልንበላውም አይደለም... ቢላው ሌላ ነው። ልንገርዎት፣ ግን አይጩሁብኝ።

አክስቴ በሽታቸውን ይውሰድላቸው ብላ የአባባን ገላ አሸችበት።

...ያውቁታል አይደል? የኩስኮ ሰው ሆነው የማያውቁትማ የለም። አዎ፣ በኩይ ነው የሚደረገው፤ በጥቁር ኩይ። ጓዳ የምናረባቸውን ጭራ የለሽ ኩዮቻችንን የጎረቤት ውሻ ገብቶ አንድ ሳያስቀር ጨረሳቸው። ገበያ ላይ ያሉት ደግሞ ቡኒና ነጭ ብቻ ናቸው። አክስቴ ከገበያ ባዶ እጇን ገባችና ጆንያው ላይ የተንሰራፋውን ከንቲባን አየችው። አየችው... ዝም ብላ ብዙ አየችው። «ጥንቸልና ኩይ ያው ናቸው» አለች፤ «ሁለቱም ሣር ይበላሉ፣ ሁለቱም ጥቁር ይሆናሉ።»

እንዴ፣ እምቢ አልኩ እንጂ! «ተፈርሞ የተሰጠኝ ጥንቸል ነው፣ እንዲህ ይደረጋል ብለው አልሰጡኝም» አልኳት። «ከእናትሽ አባትና ከጥንቸል አንዱን ምረጪ» አለችኝ። ምን ልበላት እትዬ ግራስዬላ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?... እኮ። አቅፌ የሰጠኋት እኔው ነኝ። አምኖኝ እኮ ነው፤ ጆሮውን እንኳ አላቆመም።

...እንዴት ሞተ? እንዳለ ልንገርዎት። አክስቴ ክፍሉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። አባባ ሸሚዛቸውን አውልቀው ተኙ። ከንቲባ ገና ከመግባቱ በእግሩ ወለሉን ድም! ድም! ያደርግ ጀመር። ጥንቸል እንዲህ ሲያደርግ አደጋ ሸቶት ነው ብለውኝ የለ? አክስቴን ፈርቶ መሰለኝ። እሷን የማይፈራ የለም። ከዚያ ከራሳቸው ጀምራ በእሱ ታሻቸው ጀመር፣ አንገት፣ ደረት... ረጅም ጸሎት ነው የምትጸልየው፣ አያልቅም። መጀመሪያ ተንፈራገጠ። ቀስ በቀስ ተወው። ደረታቸው ላይ ስትደርስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝርግት አለ።

እንግዲህ ያውቁታል፣ ሕመሙ ቀላል ከሆነ እንስሳው ይተርፋል። እላያቸው ላይ ከሞተ ግን... አባባም ያውቁታል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔማ ተሸክሜው ስወጣ እግሬ ተብረከረከ፣ በሩ ላይ አስመለሰኝ። አሁንም ራሴ ሊፈነዳ ነው። አዝኜ ነዋ! ለጥንቸል አይለቀስም ያለው ማነው?

ቢላው ለባህል ሐኪሙ ለጋሽ ኢላሪዮ ነው። መጥቶ ይከፍተውና በሽታው የት እንዳለ ከውስጡ ያያል፣ ሳንባ ይሁን ጉበት። እስኪመጣ አክስቴ አባባን እየጠበቀች ነው። የታሸ ሰው ገላው ክፍት ነው፣ ነፋስ ከመታው አለቀለት፤ ለዚህ ነው የቀረቀሩት።

...አዎ፣ ሞቷል ስልዎት! አይተነፍስም... በምን አውቃለሁ? አይተነፍስማ!... አፍንጫውን? እሺ፣ ጉንጬን ላስጠጋ። ይጠብቁ።

...

ኧረ!

እትዬ ግራስዬላ! ኧረ ነካኝ! አፍንጫው... ትንሽ፣ እንደ ዝንብ ክንፍ... አዎ! አዎ፣ ይኸው ደግሞ! ከንቲባ! ጌታዬ! የኔ ቦርጫም!... እሺ፣ ሻርፑን ፈታሁት። በሆዱ አስተኛሁት። ፀሐይ ላይ ነው፣ ንፋሱም ያገኘዋል... አንድ ዓይኑን ገለጠ! እየታዘበኝ ነው፣ እየታዘበኝ ነው በእግዜር! ታዘበኝ፣ ይገባኛል።

— አክስቴ! አክስቴ! አልሞተም! ከንቲባ አልሞተም!

አልሰማችኝም። ጸሎት ላይ ናት መሰለኝ።

...በጀርባው? አዎ፣ በጀርባው አንጋልላ ነው የያዘችው። በጀርባው ሲያዝ ድርቅ ብሎ የሞተ ይመስላል? እና ይሄን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?... ነግረውኛል?... እሺ፣ አባታችን ሆይም ላይ የምዘላት መስመር አለች። ዋናው መኖሩ ነው! በሽታውም ቀላል ነው ማለት ነው፣ አባባም አይሞቱም ማለት ነው! ጋሽ ኢላሪዮ ቢላውን ሽንኩርት ይክተፍበት!

...እ? ከወጣሁ? ቆይቻለሁ። ሳፋውን አጠብኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ እርስዎ ደወሉ... አይ፣ ስወጣ ወዲያው ገልብጬ በሆዱ ነው ያቀፍኩት። ለምን?... ሲገለብጡት ወዲያው ነው የሚነቃው? እኮ፣ አልነቃም። አሁን ነው የነቃው... አዎ፣ ግቢ ከቆየ በኋላ።

ድዱን? ከንፈሩን ገልጬ? ይነክሰኛል እኮ... እሺ፣ እሺ። ና ጌታዬ፣ አፍህን... ቀይ ነው። አይ፣ ሮዝ አይደለም፣ ቀይ። ደም የመሰለ፣ የበሰለ ሚጥሚጣ የመሰለ። ጥሩ አይደል እንዴ? ደም አለው ማለት ነው... እትዬ ግራስዬላ?... ሄሎ? ይሰሙኛል?

...ክፍሉ ውስጥ? ምንም የለም። አልጋ፣ ወንበር፣ የድንግል ሥዕል... ማንደጃው አለ። የከሰል ነዋ! አባባ ሸሚዝ አውልቀው በዚህ ውርጭ እንዲደርቁ ነው? ከማለዳ ጀምሮ አለ... አይ፣ አይ፣ ጭስ የለውም! አክስቴ ግቢ አቀጣጥላ ፍም ካደረገችው በኋላ ነው ያስገባችው። «ጭሱ ካለቀ ከሰል እንደ ፀሐይ ነው» ነው የምትለው።

...መስኮቱ በብርድ ልብስ ተወትፏል። የበሩ ሥር በጨርቅ። አልኩዎት እኮ፣ ነፋስ እንዳይ...

...

እኔን? አዎ፣ ራሴን ያመኛል፣ ነገርኩዎት። አስመልሶኛልም። አዝኜ ነው ብዬ...

...

እትዬ ግራስዬላ። ቅድም ሳላቸው ይሰማኛል ብለውኝ ነበር።

አሁን ይሰማዎታል?

...እኔም አይሰማኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማኝ?

— አክስቴ! ኤውሴቢያ! በሩን ክፈቺ! ክፈቺ፣ እኔ ነኝ!... አባባ!

ከውስጥ ተቀርቅሯል! እኔ ነኝ ቀርቅሪው ያልኳት፣ አሁን እየሰሙኝ! እኔው ነኝ!... እገፋዋለሁ፣ አይነቃነቅም፣ የባሕር ዛፍ ሳንቃ እኮ ነው!... እሺ። እሺ። አዎ፣ በሌላኛው ስልክዎ እሳት አደጋ ይጥሩ። ደረጃው የሚያልቅበት፣ ከውሃ ታንከሩ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ በር። ሰማያዊ! ይሄንን ግን አይዝጉት፣ እለምንዎታለሁ፣ ብቻዬን ነኝ።

መስኮቱ በጓሮ ነው። እየሄድኩ ነው... ለድመት እንጂ ለሰው አይበቃም፣ እሱም ተወትፎ... አዎ፣ እሰብረዋለሁ። የቃሪያ መፍጫው ድንጋይ አለ። ከብዶኝ አያውቅም ነበር፣ ዛሬ... አዎ፣ ፊቴን ዞር አድርጌያለሁ።

...

ተሰበረ! ተሰበረ! ብርድ ልብሱን እየጎተትኩት ነው... ና! ና አንተ! ተቸንክሯል... መጣ! ወደቀ!

...ሽታ የለውም። እትዬ ግራስዬላ፣ ምንም አይሸትም እኮ! ሙቀት ብቻ ነው... እሺ፣ ራሴን አላስገባም። ከውጭ ነኝ፣ ትንፋሼን ይዣለሁ።

አክስቴ ትታየኛለች። ወንበሩ ላይ ናት፣ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል። መቁጠሪያዋ መሬት ላይ ነው። — ኤውሴቢያ! ነቃ በይ! መስኮትሽን ሰበርኩት፣ ይታይሻል? ነፋስ አስገባሁብሽ! ተነሽና ስደቢኝ እንጂ!... እጇ! እጇን አንቀሳቀሰች! — ወደ በሩ አክስቴ፣ ወደ በሩ! በእንብርክክሽም ቢሆን! መቀርቀሪያውን!

...እየሞከረች ነው። ወደቀች... ደግሞ እየሞከረች ነው።

አባባ አይታዩኝም። አልጋው ከጨለማው ጥግ ነው ያለው። እግራቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ካልሲያቸው... እኔ የሠራሁላቸው ካልሲ ነው።

— አባባ! ሉስሜሪ ነኝ! ከንቲባ ተርፏል፣ ሰሙ? ሕመምዎ አልገደለውም! ከሰሉ ነው፣ አባባ፣ ከሰሉ ነው እንጂ እርስዎ ምንም አልሆኑም! ፊትዎን ያዙሩ... ይሳሉ! አንዴ ብቻ ይሳሉልኝ! ጥጡን እጥለዋለሁ፣ በእናቴ አፈር፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሳሉ!

...እትዬ ግራስዬላ፣ ምንም አይበሉ አንዴ። ከንቲባ፣ አንተም ዝም በል፣ መሬቱን በእግርህ አትደብድብ፣ ገብቶናል!

ዝም በሉ ሁላችሁም... እየሰማሁ ነው...

እየሰማ—