ከፈተናው ጋር የገጠመ ሙት ዓመት

— ሄሎ... ሄሎ፣ የኋላሸት? ይሰማኛል፣ ይሰማኛል። ... ሥራ ላይ ነኝ። ቆይ አንዴ — ዙቤዳ፣ የኦቦ ከዲሮን ስንዴ አንቺ መዝኚላቸው። የባሌ ወንድም ነው፣ ከሳጉሬ።

አፀደ ከሚዛኑ ራቅ ብላ የመጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

— እሺ፣ ንገረኝ። ... ቅዳሜ? ሙት ዓመቱ እሁድ ይደረግ ተባብለን አልነበር? ... ቄሱ ናቸው ቀኑ አይገፋም ያሉት? ... አይ፣ ልክ ናቸው፤ ገብረ መድህን ያረፈበት ቀንማ ቅዳሜ ነው የሚውለው። ግን እኮ ቅዳሜ ፈተና አለኝ። ... ኮሌጅ ነዋ። የመጨረሻው። ... እንዴት አድርጌ ልቅር? ይኼ ካመለጠኝ ዓመት ልጠብቅ ነው። ፀዲን ሳረግዝ ያቋረጥኩት ትምህርት ነው፤ ልጅቷ አምስተኛ ክፍል ገባች።

... ማን ነው እንደሱ ያለው? ... «ባሏን ቀብራ ተማሪ ሆነች»? ይበል እንግዲህ። ገብረ መድህን ራሱ አይደል እጄን ይዞ ወስዶ ያስመዘገበኝ? ... አልተቆጣሁም። አልተቆጣሁም አልኩህ እኮ! ... ምን? ... ሴቶቹ ከል ሊያስወልቁኝ ነው የሚሰበሰቡት?

ጥቁር ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገችው።

— ... አለሁ፣ አልተቋረጠም። ... ስልኩን ለእናትህ ልትሰጣቸው? ተው፣ እማማን አታስቸግራቸው... እማማ! እንደምን ዋሉ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ... እግዚአብሔር ይመስገን። ፀዲ ደህና ናት። ... አዎ፣ ፈተና ነው። ... ኧረ የእውነት ነው እማማ፣ ምን ብዬ እዋሽዎታለሁ? ... እ?

ዙቤዳ ከውስጥ «አፀደ!» ብትላት በእጇ ቆዪ አለቻት።

— ... አዎ። ፈተናው ባይኖርም ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። ... አልችልማ! ያ ሁሉ ሰው ከቦኝ «በቃሽ፣ አውልቂ» ሲለኝ... ጥቁሩን እስከለበስኩ ድረስ ገና ትናንት የሞተ ነው የሚመስለኝ። ካወለቅኩት ግን ሄደ ማለት ነው። ... አላለቅስም እማማ። ሰው ፊት ነኝ።

... አልሰማሁዎትም፣ ይድገሙልኝ። ... ከሌን እንደለበስኩ ልፈተን? ... እርስዎስ? እርስዎን ቅዳሜ ያስወልቁዎት የለም እንዴ? ... ለምን? ... እኔን ሊጠብቁኝ? ኧረ ዘመድ ምን ይላል? ... እሱስ ልክ ነው፤ የወለዱት እርስዎ ነዎት።

... እሺ። ... እሺ እማማ፣ እሁድ ፀዲን ይዤ እመጣለሁ። ... ሰው ሳይጠራ፣ እኔና እርስዎ ብቻ። ... የለም፣ የለም፣ መጀመሪያ የእርስዎን ነው የማወልቀው። እርስዎ እናቱ ነዎት። ... እማማ? ... ይሰሙኛል? ... አይዞዎት። ... አይዞዎት እማማ።

... ይዝጉት እሺ፣ እኔ አልዘጋብዎትም። ... ይዝጉት።