አቶ ሊንቫል የሞተ ወንድማቸውን የጠሩበት ጨዋታ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዛሬ አስከሬናቸው በፊታችን ያረፈው አቶ ሊንቫል ፕሬንደርጋስት፣ ከአገዳ ቆራጩ ከአባታቸው ከአቶ ሩፐርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አድላ እ.ኤ.አ. በ1928 በዚሁ በሞርጋን ጋሊ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በስኳር ፋብሪካ ተቀጥረው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በቅንነት አገለገሉ፤ በ1951ም ወይዘሮ ሜርሊንን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ይህን የማነበው የአክስታቸው ልጅ ኦስመንድ ነኝ፤ አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ግን “ችካሉ” በሚለው ስም ነው።

በክሪኬት ኳስ መምታት እንደ እርሳቸው የተሰጠው ሰው በዚህ አውራጃ አልታየም። ዘወትር የሚሰለፉት ከወንድማቸው ከዩስታስ ጋር ሲሆን፣ ኳሱን መትተው “ዩስታስ፣ ና!” ሲሉ ሁለቱ እየተላለፉ ከጫፍ ጫፍ በመሮጥ ነጥብ ይሰበስቡ ነበር። በ1957 ዩስታስን ወንዝ ወሰደው። ነፍስ የምትሸኝበት ዘጠነኛው ሌሊት ሳያልፍ የሟችን ስም ሜዳ ላይ ጮኾ መጥራት በእኛ ዘንድ ክልክል ነው፤ ሟቹ ሰምቶ ይመጣልና። የዋንጫው ጨዋታ ግን በሰባተኛው ቀን ዋለ።

በዚያ ቀን ጓደኞቻችን አንድ በአንድ ከጨዋታ ሲወጡ አቶ ሊንቫል ሜዳውን ብቻቸውን ይዘው ዋሉ፤ ካስመዘገብነው መቶ ሰባ አንድ ነጥብ መቶ ሠላሳ ሰባቱ የእርሳቸው ነበርና ተጋጣሚዎቻችን የሃድሰን ፔን ሰዎች እንኳ ሳይወዱ በግድ አጨበጨቡላቸው። ለማሸነፍ ሦስት ነጥብ ሲቀረን አብሬያቸው የቀረሁት የመጨረሻው መቺ እኔ ነበርኩ። ኳሱን ሜዳው ዳር ወዳለው አገዳ መቱና፣ አፋቸው ለምዶ፣ “ዩስታስ፣ ና!” ብለው ተጣሩ፤ በተመልካቹ ጩኸት ውስጥ ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሮጬ መሐል ስደርስ ከጎኔ የረጠበ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። አቶ ሊንቫልም ሲያልፉኝ ለእኔ ሳይሆን ከጎኔ ላለው ባዶ ቦታ ዘወር ብለው መንገድ ለቀቁ። እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ኳሱ ተወርውሮ ሳልደርስ ከፊቴ ጫፉ ላይ የተተከሉትን እንጨቶች አፈረሰና እኔ ወጣሁ፤ ሌላ መቺ ስላልቀረን፣ እርሳቸውን ማንም ሳያስወጣቸው በሁለት ነጥብ ተሸነፍን።

ከዚያ ወዲያ አቶ ሊንቫል የኳስ መምቻውን ዱላ አልነኩም። እኔን ግን አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሱቅ በገባሁ ቁጥር፣ “ኧረ ችካሉ፣ ዛሬ ማን ነቅሎህ መጣህ?” ትሉኛላችሁ። እርሳቸው አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ አንድም ቀን አፍ አውጥተው አልተከራከሩልኝም። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ አሯል።

ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም አልጋ ያዙ። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸውና ፓስተራችን ባሉበት፣ እጄን ይዘው “ኦስመንድ፣ የጠራሁት አንተን አልነበረም። ለሰዉ ንገርልኝ” አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም ማንም ሳይጠራቸው ወደ በሩ ዞሩና “እሺ፣ መጣሁ!” አሉ፤ እግራቸው ከአንሶላው ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ ሮጠና በሰባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ሜርሊን ተነሥተው በሩን ዘጉት።

አቶ ሊንቫል ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ቬሮናን፣ ሌስተርንና ሃይሲንትን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና እኔን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ ይህን የጨዋታውን ነገር ከወረቀቱ እንዳወጣው ለምኖኝ ነበር፤ የሟች አደራ ሆነብኝና አነበብኩት። ፈጣሪ ለሁለቱም ወንድማማቾች የሚያርፉበትን ስፍራ ይስጣቸው። እኔ በበኩሌ ከልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ብቻ ለማመስገን ብለው ቤቴ ድረስ እንዳይመጡብኝ።