ሃኖይ ላይ መንገድ መሻገር

ጸጥ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ዲቤንዶርፍ በሚሄደው ባቡር ከኋላዬ ሁለት ጓደኛሞች ያወራሉ፤ አንደኛዋ በርካሽ ትኬት ብቻዋን ሃኖይ ደርሳ መመለሷ ነው።

«ከተማው እንዴት ነው?»

«ሞተር ብቻ! ገና የደረስኩ ዕለት መንገድ ዳር ቆሜ አፌን ከፍቼ ሳይ፣ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አሻገሩኝ።»

«እግዜር ይስጣቸው!»

«ምን ይስጣቸው! ማደሪያዬ እዚያው የቆምኩበት ጋ ነው።»

«አትነግሪያቸውም ታዲያ?»

«በምን ቋንቋ? ደግሞ ደስ ብሏቸው ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርጉኝ አሳዘኑኝ።»

«እንዴት ተመለስሽ?»

«ሾርባ ገዝቼ እየጠጣሁ ሌላ አሮጊት እስኪመጡ ጠበቅኩ።»

«መጡ?»

«መጡ። ግን እሳቸው ፈርተው የኔን እጅ ያዙ!»

«እና?»

«እናማ ዓይኔን ጨፍኜ አሻገርኳቸው።»

ዲቤንዶርፍ ወርጄ፣ አንድም መኪና በሌለበት መንገድ ላይ አረንጓዴው የእግረኛ መብራት እስኪበራልኝ ቆሜ ጠበቅኩ።