የሚራክል በሬ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፍቅርተማርያም ከአቃቂ ገበያ የገዙትን ሰንጋ በገመድ ይዘው ወደ ቃሊቲ ሲመጡ ላያቸው፣ እሳቸው በሬውን ሳይሆን በሬው እሳቸውን የገዛቸው ይመስል ነበር። ሲኖትራክ ጥሩንባ በነፋ ቁጥር በሬው ይደነብራል፤ እሳቸውም ሾፌሩን ይራገማሉ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የምርት ኃላፊ እንጂ ከብት ነጂ አይደሉም፤ ግን ምን ያድርጉ! የፋብሪካው ባለቤት፣ «ሠራተኛ እየከዳን ነው። ኑሪ ራሱ ጎረቤት ፋብሪካ ሊገባ ነው አሉ። እሱን ካላስቀሩልኝ ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብለዋቸዋል። ኑሪ የሽመና ማሽኖቹን አመል የሚያውቅ መካኒክ ነው። የጋሽ ፍቅርተማርያም መላ ታዲያ ይህ በሬ ነበር፤ ነገ ረቡዕ ለሠራተኛው በሙሉ ግብዣ!

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ በቅርቡ የሰው ኃይል ኃላፊ ሆና የተቀጠረችው ሰሀር ከሚኒባስ ስትወርድ ድንገት ተገጣጠሙ።

«ጋሼ! ምነው፣ ሥራ ቀየሩ እንዴ?»

«የነገው ግብዣ ነው፣ ልጄ። አንድ በሬ፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ቤተሰብ! እኔ ክርስቲያን ሙስሊም፣ ጉራጌ ኦሮሞ ብዬ አላውቅም። ሁሉንም እኩል ነው የማየው።»

«ደስ ይላል። ማን ነው የሚያርደው?»

«እኔ ነኛ! በስመ አብ ብዬ።»

«እንግዲያው እኔም፣ ኑሪም አንበላም።»

«ዳቦና ሰላጣ አለ! አምናም ኑሪ ዳቦውን በልቶ እየሳቀ ነው የሄደው።»

«ለእኔ ሲነግረኝ ግን አልሳቀም፣ ጋሼ። ‹በገዛ መሥሪያ ቤቴ ያልተጠራ እንግዳ ሆኜ ዋልኩ› ነው ያለኝ።»

ጋሽ ፍቅርተማርያም ተናደዱ። «እሺ፣ ግማሹ ባይበላ ግማሹ ይበላል!»

«የትኛው ግማሽ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነገ ምን ቀን ነው?»

«ረቡ...» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱ ዞረው በሬውን አዩት።

እዚህ ላይ አንባቢ በሰውየው ላይ እንዳይጨክን አደራ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ቅቤ የማይቀምሱ ጾመኛ ናቸው። ሰውን ሁሉ አንድ አደርጋለሁ ሲሉ የገዛ ራሳቸውን ረሱ እንጂ ክፋት የለባቸውም።

«በእመቤቴ! ታዲያ ይህን ሁሉ ሥጋ ማን ሊበላው ነው?»

ሰሀር ትንሽ አሰበች። «ሙስሊሙ አይበላ፣ ኦርቶዶክሱ አይበላ... ሚራክል አለ።»

ሚራክል የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ጴንጤ፣ ንፋስ የሚወስደው ቀጫጫ።

«በሬውን በሙሉ ለሚራክል?» ብለው ሳያስቡት በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ልዩነት ካነሳን እንለያያለን ብዬ እኮ ነው።»

«የለያየን ዳቦው ነው፣ ጋሼ። እኛ ወሎ፣ ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ለአባቴ በግ ይሰጠዋል፤ ‹ቢስሚላህ ብለህ እረድ፣ በራሳችሁ ድስት ይሠራ› ይለዋል። እኛም ስንድር እንደዚያው። ድስቱ ለየብቻ ነው፤ ጨዋታው አንድ ላይ ነው። ወላጆቻችን ያወረሱንን ይህን ብልሃት ፋብሪካ ስንገባ ለምን በር ላይ ጥለነው እንገባለን? መሪ ሰው የሚያከብረውን ካላወቀ ሰውየውን በምን ያውቀዋል?»

ጋሽ ፍቅርተማርያም ግንባራቸውን መቱ። «እኔ ራሴ ለልጄ ሰርግ እንዲህ አድርጌ የለም እንዴ! ለሙስሊም ጎረቤቶቼ ለብቻ አሳርጄ! ሥራ ቦታ ስገባ ምን ነካኝ?»

ግብዣው ወደ ሐሙስ ዞረ። በሬውን እሳቸው አረዱ፤ ሁለት በጎች ደግሞ ኑሪ አረደ። ድስቱ ለየብቻ ተጣደ፤ ሰዉ ግን አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀላቅሎ ተቀመጠ። ኑሪ እንደ ሰርግ ቤት አባወራ «ብሉ እንጂ! በሞቴ!» እያለ ሲዞር ዋለ።

ሁሉም ከጠገበ በኋላ ጋሽ ፍቅርተማርያም ተነሡ። «ከእንግዲህ ዓርብ በስግደት ሰዓትና ለኢድ ማሽኑን ክርስቲያኑ ይጠብቃል፤ ለመስቀልና ለገና ሙስሊሙ ይጠብቃል። ሥራውም አይቆምም፣ ማንም በዓሉን አያጣም። ተስማማን?» መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ።

«ጎረቤት ፋብሪካስ?» አሉት ኑሪን ቀስ ብለው።

«እዚያ ሄጄ ማን በግ ያሳርደኛል፣ ጋሼ?»

እፎይ አሉ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ዞር ሲሉ ሚራክል ሳህኑን ከምሮ አዩት።

«አንተ! ግብዣው ረቡዕ ሲባል ጾም መሆኑን አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ?» አለና ጉርሻውን ዋጠ። «ደግሞስ ጋሼ፣ በሬው በሙሉ ለእኔ ሊደርሰኝ ነበር እኮ!»