ሁልጊዜ ከገጽ አንድ

በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። አምፖል ቢቃጠል፣ ሊፍት ቢቆም፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል መብራት ብልጭ ድርግም ቢል የሚጠራው እሱ ነው። ታዲያ በዚያ ዓመት አስተዳደሩ አዲስ መመሪያ አወጣ፤ የጽሑፍ ፈተና ያላለፈ የጥገና ሠራተኛ መሣሪያውን አስረክቦ በር ጠባቂ ይሆናል ተባለ። ሰውየው በር መጠበቅን ንቆ አይደለም። የሚያንገበግበው ሌላ ሰው በእሱ መሣሪያ ሲጠግን ቆሞ ማየቱ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳው ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የፈተናውን መጽሐፍ ሲያነብ፣ የታናሽ ወንድሙ ልጅ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ፋርማሲ የምትማር፣ ለተግባር ልምምድ እዚያው የተመደበች ልጅ ናት። የመድኃኒት ማቀዝቀዣው ሶኬት ተበላሽቶ ሠራተኛ ጥሪ ተብላ ነው እንጂ፣ አጎቷ ምሳውን ትቶ ተደብቆ እንደሚያነብ አታውቅም ነበር። መጽሐፉን ተቀብላ በጎን አየችው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ጠርዝ በእጅ እድፍ ጠቁሯል፤ የቀረው ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነጭ ነው።

“ጋሼ፣ ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ ጀመሩት?”

“አራተኛዬ ነው” አለ ሳይወድ በግድ። “በቀን ሠላሳ ገጽ አንብቤ በሳምንት እገላገለዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሃያ ላይ ስደርስ ሊፍት ቆመ ተብዬ ተጠራሁ። የተቋረጠ ነገር ደግሞ ከመሠረቱ ነው መጀመር ያለበት።”

“ሦስቱንም ጊዜ ሃያ ላይ ቆሙ?”

“የለም፣ አንዴ ሃያ ሦስት ደርሻለሁ።”

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “በቀን አራት ገጽ ቢሉስ? በሳምንት አምስት ቀን።”

“አራት ገጽ? ልጄ፣ እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ እንዴ?”

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?”

“እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ፈተናው ደርሶ ያልፋል።”

“አያልፍም። መጽሐፉ ሁለት መቶ አሥር ገጽ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ገና አሥራ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። በአራት በአራት ቢሄዱ ጨርሰው ከሳምንት በላይ ይተርፍዎታል።”

ሰውየው በጣቱ አሰላ፤ ልክ ነበር። እንዲያም ሆኖ አልተረታም። “አንድ ቀን ቢያመልጠኝ በማግስቱ ስምንት ላነብ ነው?”

“በማግስቱም አራት። ያመለጠው አመለጠ፤ ከቆሙበት ይቀጥላሉ።”

“ይኼማ ለስንፍና በር መክፈት ነው። ሰው በቃሉ መገኘት አለበት።”

“ሰው በቃሉ የሚገኘው የሚችለውን ቃል ሲገባ ነው፣ ጋሼ። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽቦ ሲዘረጉ ለሌላ ሥራ ቢጠሩ፣ ሲመለሱ ከምድር ቤት ያለውን ነቅለው እንደገና ይዘረጋሉ?”

“ምን ነክቶኝ። ከተውኩበት ነዋ” አለ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ችኮላ ብቻ አልነበረበትም። ጉዱን ራሱ አወጣው።

“እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁሉንም ስለማውቀው ሳነበው ደስ ይለኛል። የምፈራው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ጭንቅላቴ አርጅቶ ባይገባኝስ?”

“ሳይገልጡት በምን ያውቃሉ? ዛሬ አራቷን ብቻ ይሞክሩ። ካልገባዎት እኔ እዚሁ ነኝ።”

ሶኬቱን ጠግኖ ሲመለስ መጽሐፉን ከሃያ አንድ ገለጠ። ሁለቱ ገጽ ገባው፤ ሁለቱን ልጅቱ አስረዳችው። እንዲህ እያለ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለጥገና እየተጠራ ቢያመልጠውም፣ በአምስት ሳምንት ገጽ መቶ ደረሰ። በስድስተኛው ሳምንት ሚስቱ ታማ ተኛችና አንድም ገጽ ሳያነብ ሰባት ቀን አለፈ። ስትድን መጽሐፉን አነሳ፤ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ገጽ አንድ ሄደ። እዚያው ላይ ቆየ። ከዚያ መቶ አንድን ገልጦ አራት ገጽ አነበበ። ትርፍ ተብሎ የተያዘው ሳምንት ያኔ ጠቀመው፤ የመጨረሻውን ገጽ የዘጋው ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

የትምህርት ዕቅድ እንደ ጫማ ነው፤ በእግር ልክ ካልሆነ ያማረ ቢሆንም አያራምድም። በአቅሙ ያቀደ ሰው ሥራውንም ቤተሰቡንም ሳይበድል ይማራል፤ አንድ ቀን ቢሰናከል ተነስቶ ይሄዳል። ትልቅ ምሎ ትንሽ የሚሠራ ግን ጊዜውን ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ ያለውን እምነትም ያጣል።

ውጤቱ በተለጠፈ ቀን ሰውየው ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ ልጅቱን አስጠራት። የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር።

“ስንት አመጡ ጋሼ?”

“ሰባ አንድ፤ አልፌአለሁ” አለና ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። “ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው እጁ ወርቅ ነው ሲለኝ፣ እኔ በሆዴ ደደብ ነኝ እል ነበር።”